ከቤት አትውጡ ሲባል ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው አስቤዛውን እንዴት ይሸምታል?

«ከቤት አትውጡ» ሲባል እናትም አባትም ያሉበት ቤት እንደምንም ይወጣዋል። አንዱ ልጅ ይይዛል፣ አንዱ ዘንቢል አንጠልጥሎ ይሄዳል። ብቻውን የሚያሳድግ ሰው ግን ዘይት ባለቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስጨንቀው «ልጁ ማን ጋ ይዋል?» የሚለው ነው። ይዞት እንዳይወጣ ግፊያው አለ፣ ጥሎት እንዳይወጣ ደግሞ የምጣዱም የከሰሉም ነገር ያሰጋል። ስለዚህ ብር ከመቆጠባችሁ በፊት መውጫ ቆጥቡ። በሳምንት አራቴ ብቅ እያሉ ርካሽ ከመፈለግ በሁለት ሳምንት አንዴ ወጥቶ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጎጃም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ2012 መጋቢት መጨረሻ በኮሮና ምክንያት ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተከልክሎባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህም በሌላ ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ሰዓት እላፊ ሲታወጅ አይተናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ጓዳ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ያው ነው።

መጀመሪያ እንጀራውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ዝርዝር ሲጽፍ ከዘይትና ከስኳር ይጀምራል። እናንተ ከእንጀራ ጀምሩ። ቤታችሁ በቀን ስንት እንጀራ ይበላል? አንድ ቡኮ ስንት ይወጣዋል? ለአንድ ቡኮ ስንት ጣሳ ዱቄት ትጨምራላችሁ? ይህንን ካወቃችሁ ለ14 ቀን የሚበቃው ዱቄት በሁለት መስመር ሂሳብ ይወጣል። ልጆች ቤት ሲውሉ ትምህርት ቤት ከሚሄዱበት ጊዜ የበለጠ ስለሚበሉ (ሥራ ሲፈቱ አፋቸው አያርፍም) ትንሽ ጨምሩበት።

እህሉን ሁሉ አታስፈጩ። ዱቄት ከእህል ቶሎ ይበላሻል። ሁሉንም በእህሉ አስቀምጣችሁ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤት ቢዘጋ ጉድ ነው። ግማሹን ማስፈጨት ልኩ ነው። ነጭ ጤፍ ዋጋው ካስደነገጣችሁ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ቀላቅሉበት፤ ሁለቱም እዚሁ ደጃችን የሚበቅሉ ናቸው፣ ልጆችም ሁለት ቀን ካጉረመረሙ በኋላ ይለምዱታል።

የሚቆየውን ከማይቆየው ለዩ

ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ አተር ክክ፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ የሚቆዩ ናቸው። በርበሬው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ስለሚመጣልን በእሱ አንታማም። እነዚህን አንዴ ግዙና እርሷቸው።

ሽሮ ተፈጭቶ ሲገዛ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ውስጡ ጓያ አለው ወይ? ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከሽንብራና ከአተር ጋር ይቀላቀላል። አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም አያሰጋም። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። መንገድ ተዘግቶ ሲቆይ ሰው ወደ ርካሹ ስለሚያዘነብል ነው ይህንን ማንሳቴ። ከቻላችሁ ሽንብራውን ወይም አተሩን በጥሬው ገዝታችሁ ራሳችሁ አዘጋጁት።

አትክልት ላይ ነው ብዙ ብር የሚበላሸው። ሽንኩርት በፌስታል አስራችሁ አታኑሩ፤ ያልበውና ይበሰብሳል። ሰፌድ ላይ ወይም ንፋስ በሚያገኝ ቅርጫት ዘርጉት። ድንች ጨለማ ይወዳል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ደግሞ ይመርራል፣ ሆድም ይረብሻል። ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጡ፣ ድንቹ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ጥቅል ጎመንና ካሮት ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሳምንት ይቆያሉ። ዱባ ሳይቆረጥ ወራት ስለሚቆይ ካገኛችሁ አትለፉት። ቲማቲም አይታመንም። በብዛት ከገዛችሁ የዚያኑ ዕለት በዘይት አብስላችሁ ስልስ አድርጉት። ቁሌትም ቢሆን አንዴ በርከት አድርጋችሁ ብታዘጋጁ ጥሩ ነው፤ ልጅ እግራችሁ ሥር እየተንከባለለ በየቀኑ ሽንኩርት ከመክተፍ ትገላገላላችሁ።

ድርቆሽ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተፈጠረ ነው። የተረፈውን እንጀራ ሻጋታ ሳይነካው ቆራርሳችሁ ሰፌድ ላይ ሳታነባብሩ በትኑት፤ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ማታ አስገቡት፣ በነጋታው መልሳችሁ አውጡት። በጣት ስትሰብሩት ቀጭ ካለ ደርቋል። ከተጣጠፈ ገና ነው፣ እንዲያ ሆኖ ከታሸገ ይሻግታል። በደንብ ደርቆ ንጹህ ማዳበሪያ ውስጥ ከገባ ሊጥ ባልቦካበት፣ እንጨት በጠፋበት፣ ወይም እናንተ በታመማችሁበት ቀን ይደርሳል። ለልጅ በስልስ ፈርፍሩለት። በሶና ቆሎም እንደዚሁ እሳት አይፈልጉም።

የልጁን ነገር ለብቻው ጻፉ

ከስድስት ወር በታች ሆኖ ጡት የሚጠባ ከሆነ የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል፤ ለሱ ብላችሁ ወተት ፍለጋ አትንከራተቱ። ከፍ ላለው እንቁላል ግዙ። ቤት ስታስገቡት አትጠቡት፤ ሳይታጠብ ነው የሚቆየው፣ ስታበስሉት ታጥቡታላችሁ። በ2012 ክልከላው ሁዳዴ ላይ ነበር የዋለው። በጾም ወራት የቤቱ አስቤዛ ይቀላል፣ ሕፃናቱ ግን ስለማይጾሙ የእነሱን እንቁላልና ወተት ከዝርዝሩ አታውጡ።

ከመድኃኒት ቤት ለልጅ የሚሆን ፓራሲታሞል ሽሮፕና ሁለት ሦስት ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ) ይኑራችሁ። ለምለም ከጠፋና ልጁን ተቅማጥ ከያዘው አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ጨው አታብዙ፣ ከልኩ ያለፈ ጨው ልጅ ይጎዳል። ካልተሻለው ወይም ደም ካለው ጤና ጣቢያ ነው።

አንድ ቤት ምረጡ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ልጁን የሚይዝላችሁ ሰው ክልከላው ሳይመጣ ይታወቅ። በሽታ ከሆነ የዘጋችሁ፣ ልጁን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አታዙሩት። አንድ ጎረቤት ይበቃል፣ ሁልጊዜም ያው ቤት ይሁን።

መለመን የሚከብዳችሁ ከሆነ በልዋጭ አድርጉት። «እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ይያዙልኝ፣ የእርስዎንም ዘይትና ሳሙና እኔው ይዤ እመጣለሁ» ማለት ማንንም አያሳፍርም። እሳቸውም ከመውጣት ይድናሉ፣ እናንተም ሳትሳቀቁ ትሄዳላችሁ። ወረርሽኝ ከሆነና ጎረቤታችሁ በዕድሜ የገፉ ወይም አስምና ስኳር ያለባቸው ከሆኑ ግን ልጁን ቤታቸው አታስገቡት። አስቤዛቸውን ብቻ አድርሱላቸው፣ ልጁን ወጣት የሆነ ሰው ይያዝላችሁ።

ማንም ከጠፋ ሕፃኑን እዘሉት። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ ያየውን ሁሉ አይነካም፣ የእናንተም ሁለት እጅ ነጻ ይሆናል። በእግሩ የሚሄደው ነው አስቸጋሪው። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ኖሮት ቤት ትታችሁ የምትወጡ ከሆነ እሳቱን አጥፍታችሁ፣ ክብሪቱንና በረኪናውን ከፍ አድርጋችሁ፣ ለጎረቤትም ተናግራችሁ ውጡ። የጋመ ከሰል በተዘጋ ቤት ልጆች ባሉበት ትቶ መሄድ በፍጹም አይሆንም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

በነገራችን ላይ አባት ከሆናችሁ ሽሮና በርበሬ መምረጥ ነውር ነው ብላችሁ አትቅሩ። ሻጯን «እናቴ፣ ለልጆች የማያቃጥለውን ስጪኝ» በሏት፣ ከማንም በላይ ጥሩውን ትሰፍርላችኋለች።

በምትወጡበት ቀን

በጠዋት ውጡ። ወፍጮ ቤት ቅድሚያ ነው፤ እህሉን አስረክቡና እስኪፈጭ ሌላውን ግዙ። ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት፣ ጉሊት መጨረሻ ላይ። ቲማቲም ይዞ ሰልፍ የቆመ ሰው ቤቱ የሚደርሰው ስልስ ተሸክሞ ነው። ዝርዝሩን በዚሁ የመንገድ ቅደም ተከተል ጻፉት። በሽታ ከሆነ የዘጋችሁ ጭንብል አድርጉ፣ ሰልፍ ላይ ሁለት እርምጃ ራቁ። ጭነቱ ከበዛ ጋሪ ፈልጉ፤ ሰዓት እላፊ ካለ ግን መመለሻውን አስቀድማችሁ አስሉ።

ብር ዘርዝራችሁ ያዙ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መተግበሪያው አይከፍትም፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ግን ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ደግሞ በ*889# ይሠራል። እሱም ሲጠፋ ያለ ጥሬ ብር መድረሻ የለም። ዱቤ የሚሰጣችሁ ሱቅ ካለ ለክፉ ቀን አቆዩት። ብር እያለ በዱቤ አትጀምሩ፣ በዱቤ የወሰዳችሁትንም በራሳችሁ ወረቀት ላይ መዝግቡ። ሁለት ሳምንት የሚበቃችሁን ከያዛችሁ በቃችሁ፤ ሦስት ጄሪካን ዘይት መደበቅ ዋጋውን ከማናር በቀር ጥቅም የለውም።

ቤት ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጁን ከዚያ ታቅፉታላችሁ። አትክልቱን በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቡ፤ ሳሙናና በረኪና ምግብ አይነካም። ያንኑ ዕለት ማታ አዲስ ወረቀት ጓዳው በር ላይ ለጥፉ። ዘይቱ ሲጋመስ ጻፉ፣ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ልጁ መጻፍ ከቻለ እሱ ይጻፈው፤ ብስኩት የሚል መጨመሩ አይቀርም።