«ክሬሼንዶ»ን እንዴት መረዳት፣ መጠቀምና ወደ አማርኛ መመለስ እንደሚቻል

የእንግሊዝኛ ዜና የሚያነብ ሰው ከዚህ ቃል ጋር ሳይገናኝ ብዙ አይቆይም። ትችት፣ ጭብጨባ፣ የሕዝብ ጩኸት፣ የተኩስ ድምፅ ሁሉ በ«ክሬሼንዶ» ይነገራል። እኔም ዜና ስተረጉም ለረጅም ጊዜ «ከፍተኛ ደረጃ» ብዬ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ግን «ትችቱ ጣሪያ ነካ» ብዬ የመለስኩትን ዓረፍተ ነገር ከዋናው ጋር ሳስተያየው የጸሐፊው ሐሳብ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ትችቱ ገና እየጨመረ ነበር፤ ጣሪያውን ያስነካሁት እኔ ነኝ። ቃሉን ከሥሩ ለመያዝ የተነሣሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

1. መጀመሪያ በሙዚቃው ያዙት

ክሬሼንዶ ጣልያንኛ ነው፤ ፍቺው «እያደገ» ማለት ነው። ማደግ ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማጭድ መሳይዋ ጨረቃ የሚጠቀምበት «ክሬሰንት»ም የዚሁ ግሥ ዘር ነው። በሙዚቃ ወረቀት ላይ ምልክቱ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደ ቀኝ እየተራራቁ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አፉን የከፈተ መቀስ ይመስላል። ተጫዋቹ ከጠባቡ ጫፍ ወደ ሰፊው ሲሄድ ድምፁን ቀስ በቀስ ያጎላል። መቀሱ ወደ ግራ ሲከፈት ተቃራኒው፣ ማለትም ዲሚኑኤንዶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ክሬሼንዶ የሚል ምልክት ሲታይ ድምፁ ገና ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ተማሪ ምልክቱን እንዳየ በኃይል ቢመታ መምህሩ ያስቆመዋል፤ ከጅምሩ ከጮኸ ወዴት ያድጋል? ቃሉ የተጻፈው በተራራው ግርጌ ነው እንጂ በጫፉ አይደለም። የሚናገረውም ስለ ድምፅ ጉልበት ብቻ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ሌላ ስም አለው፤ አቼሌራንዶ ይባላል።

በጆሮ ለማወቅ የፈረንሳዊውን የሞሪስ ራቬልን «ቦሌሮ» ስሙት። በ1928 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሥራ ነው። ስኔር የሚባለው ከበሮ ሊሰማ እስኪያቅት በቀጭኑ ይጀምራል፤ ሁለት ዜማዎች ይፈራረቃሉ፤ በየዙሩ መሣሪያ ይለወጣል፣ ይደረባል፣ ድምፁ ይወፍራል። ሰምታችሁ ስትጨርሱ «ክሬሼንዶው የት ላይ ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ያለው ፍንዳታ ነው ካላችሁ እንደገና ስሙት። ክሬሼንዶው ሩብ ሰዓቱ በሙሉ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። በቁም ዜማ ተጀምሮ፣ በመቋሚያ ዝማሜ አልፎ፣ ከበሮው ገብቶ መረግድ ሆኖ ወደ ጽፋት ሲደርስ ልብ አብሮ ይነሣል። በእርግጥ ጽፋት ፍጥነትም አለው፤ ስለዚህ ከክሬሼንዶ ጋር አንድ ነው አልልም፤ መንገዱ ግን ይመሳሰላል።

2. በምሳሌያዊ አነጋገር ሲመጣ የሚያድገውን ፈልጉ

ቃሉ ከሙዚቃ ወጥቶ ወደ ዜናና ልብ ወለድ ሲገባ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እያደገ ያለው ምንድን ነው? ከምን ተነሥቶ? ጥቂት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፣ ሌሎች ተቀላቀሉ፣ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ ከተባለ ክሬሼንዶ አለ። ቦምብ ድንገት ፈነዳ ከተባለ ግን ምንም ያህል ቢጮህ ክሬሼንዶ የለም፤ መነሻና ጉዞ የለውምና።

3. አብሮት ያለውን ግሥ ተመልከቱ

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «መድረስ» የሚለውን «ሪች» ከክሬሼንዶ ጋር ያጣምሩታል፤ ጩኸቱ ክሬሼንዶ ላይ ደረሰ እንደ ማለት። ሙዚቀኞችና ጥንቁቅ አርታኢዎች ይህን አይወዱም፤ መንገድ ይሄዱበታል እንጂ እንደ ጫፍ አይደርሱበትም ይላሉ። ነገር ግን አጠቃቀሙ የትናንት ስሕተት አይደለም፤ አሜሪካዊው ደራሲ ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1925 ባሳተመው «ዘ ግሬት ጋትስቢ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥም ይገኛል። ሜሪያም ዌብስተርን የመሰሉ መዝገበ ቃላትም «ጫፍ» የሚለውን ፍቺ መዝግበውታል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ስታነቡ ሁለቱንም ፍቺ ተቀበሉ፤ ስትጽፉ ግን የመጀመሪያውን ያዙ። እንግሊዝኛ ለጫፍ «ክላይማክስ» አለው፣ «ፒክ» አለው። ለአወጣጡ ግን እንደዚህ የሚያምር ሌላ ቃል ማግኘት ይከብዳል። ለጫፍ ብቻ ካዋልነው እናጣዋለን።

4. ስትጽፉ አትደርቡበት

«ቀስ በቀስ የሚጨምር ክሬሼንዶ» አትበሉ፤ መጨመሩም ቀስ ማለቱም በቃሉ ውስጥ አለ።

5. ወደ አማርኛ ስትመልሱ በግሥ ተማመኑ

«የትችት ክሬሼንዶ» ብሎ መተው አንባቢን ያደናቅፋል፤ «የትችት ዕድገት» ደግሞ ትችቱን መልካም ነገር ያስመስለዋል። አማርኛ ለዚህ ስም አያስፈልገውም። «እያየለ መጣ»፣ «እየጋለ ሄደ»፣ «እየተጋጋለ» እንላለን።

ለጠብና ለተቃውሞ ደግሞ ከሁሉ የምወደው «እየከረረ መጣ» ነው። የክራር ተጫዋች አውታሩን ያከርራል፣ ያላላል፤ ፈታይም ክሯን ታከርራለች። እኛም ነገር ከረረ፣ አቋሙን አከረረ እንላለን፤ «አክራሪ»ም ከዚያው ነው። እጅ የሚነካው ነገር ወደ ሐሳብ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ሞክሩት። እንግሊዝኛው የሕዝቡ ጩኸት «በክሬሼንዶ ተነሣ» ካለ፦ «የሕዝቡ ጩኸት እያየለ ሄደ»። «ክሬሼንዶ ላይ ደረሰ» ካለና ጸሐፊው ጫፉን ማለቱ ከሆነ፦ «የሕዝቡ ጩኸት እያየለ ሄዶ ጣሪያ ነካ»። በሁለተኛውም «እያየለ ሄዶ» መቅረት የለበትም።