ሊንክድኢን ላይ ዝም ያሉኝ ገዢዎች መመለስ ጀመሩ

ቡና ወደ ውጭ እልካለሁ። ስምንት ወር ሙሉ የሥራ ሰዎች በሚገናኙበት ሊንክድኢን ላይ ለገዢዎች የግንኙነት ጥያቄ ስልክ ከረምኩ። የሚቀበለኝ ጥቂት፣ የሚመልስልኝ የለም። ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ችግሩ የገባኝ የራሴን ገጽ እንደ ገዢ ሆኜ ሳየው ነው። ከስሜ ሥር «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ይላል። በቃ። የምን ሥራ አስኪያጅ? ያ መስመር እኮ ጥያቄ ስልክም አስተያየት ስጽፍም ከስሜ ጋር ይታያል። እስከ 220 ፊደል ይይዛል፣ እኔ ግን በሦስት ቃል ዘግቼዋለሁ። አሁን የጉጂ የታጠበና ያልታጠበ ቡና ላኪ መሆኔን፣ ናሙናም እንደምልክ በእንግሊዝኛ ይናገራል።

«ሰላም፣ ቡና እንሸጣለን» የሚለውን የጅምላ መልእክትም ተውኩት። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ይመስለኛል። አሁን መጀመሪያ ሰውየው የጻፈውን አነባለሁ። አንድ ጀርመን አገር ያለ ቡና የሚቆላ ገዢ፣ ያልታጠበ ቡና እርጥበቱ በዝቶ እንደደረሰው ጽፎ ነበር። እኛ ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ እንዴት እንደምናደርቅ፣ በቀን ስንቴ እንደምናገላብጥ፣ እርጥበቱን በመለኪያ አይተን ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ ብቻ እንደምናነሳ ከሥሩ ጻፍኩለት። የአልጋውን ፎቶም ጨመርኩ። በማግስቱ ናሙና የጠየቀኝ ራሱ ነው! 300 ግራም ላክሁለት። ቀምሶ ወዶታል፣ አሁን ዋጋ ላይ እየተነጋገርን ነው።

መልስ ያላገኙ የቆዩ ጥያቄዎቼንም ሰርዣለሁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፦ የሰረዛችሁትን ለዚያው ሰው መልሳችሁ ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት ያስጠብቃችኋል።