ክረምት ላይ በተዳፋት ሥር ስንኖር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐምሌ በገባ ቁጥር ልቤ ጮቄ ሥርና ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካሉት ዘመዶቼ ጋር ነው። ናዳ ድንገት የሚመጣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን መሬቱ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። እኛ ነን የምናልፈው።

አንደኛው ስህተት ዝናቡ ሲያባራ መዘናጋት ነው። ውሃው ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ተዳፋቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊናድ ይችላል። ፀሐይ ወጣ ብላችሁ ከብቱን ገደል ሥር አታሰማሩ።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው፣ ስንጥቅን መናቅ ነው። መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ አብጦ ይገጥማል። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ክረምት አጎቴ ጓሮ እንዲህ ያለ አየሁ። እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ። የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ጠርዝ በአንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። አጎቴ «ተወው ልጄ፣ ፍልፈል ነው» አሉኝ። ለምኜ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ካስማ ቸከልን፤ መሐሉን በሲባጎ ለክተን ቆረጥን። በሦስተኛው ቀን ሲባጎው አልደርስ አለ፤ አራት ጣት ጎደለ። ያን ማታ ቤተሰቡ ከነከብቱ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ድንቹ ከነእርከኑ ወርዶ ወንዙ ዳር ተከመረ።

የጠራው ምንጭ ሲደፈርስ፣ አጥር ሲያዘም፣ ትናንት የሚዘጋ በር ዛሬ አልገጥም ሲል «ክረምት ነው» ብሎ ማለፍም ያው ስህተት ነው።

ባሕር ዛፍ ተክያለሁ ብሎ መተማመንም አለ። ሥር የላይኛውን አፈር ይይዛል። መንሸራተቱ ከሥሩ በታች ከተነሣ ግን ዛፉም አብሮ ይወርዳል። ለቤት መሥሪያ ብሎ የተዳፋቱን እግር መቁረጥ ደግሞ ደግፎ የያዘውን ማንሣት ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን የሚመላለስ ሾፌር ይህን ያውቃል፤ አንዴ የተንሸራተተ ቦታ እንደገና መንሸራተት ይወዳል። እዚያ ላይ መኪና አቁሞ ገደሉን ማየት ይቅር።

የመጨረሻውን ስጽፍ ያመኛል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤት በተሰበሰበበት ሌላ ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ኡኡታ ሰምቶ የማይሮጥ ጎጃሜ የለም፤ አትሂዱ ማለትም አልችልም። ግን ከመቆፈራችሁ በፊት ዓይነ ንቁ የሆነ አንድ ሰው ከናዳው ወጣ ባለ ጽኑ ቦታ ይቁም፤ ሥራው ከላይ ያለውን ተዳፋት ማየት ብቻ ይሁን። እሱ ሲጮህ ሁሉም አካፋውን ጥሎ ወደ ጎን ይሩጥ፤ ወደ ቁልቁለቱ አይደለም።