ጨነቅ ላይ ራስ ሲፈልጥ፣ ጣና ውስጥ ናላ ሲዞር፦ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር ሰው ይዤ ወደ ሰሜን ተራሮች ስመላለስ የምሰማው አቤቱታ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ውሃ ጠጡ፣ ልብስ ደርቡ፣ ሳትበሉ አትውጡ የሚለውን ታውቁታላችሁ ብዬ ዘልየዋለሁ። እዚህ የማወራው ጭንቅላትና ነርቭ ላይ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። ተራራም ተወጣ ውሃ ውስጥም ተጠለቀ ነገሩ የግፊት ነው። አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል፤ ስለዚህ አየሩ ሲቀየር መጀመሪያ የሚያኮርፈው እሱ ነው።

ምልክት፦ ጨነቅ ወይም ግጭ (ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያሉ የማደሪያ ካምፖች) በደረሱበት ማታ ራስ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ይዘጋል፣ አቅም ያጣል

ምክንያቱ መኪና ነው። አዎ፣ መኪና። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ጎንደር 2,100 አካባቢ፣ ደባርቅ 2,850 ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600። ጠዋት ጣና ዳር ማኪያቶውን ጠጥቶ የተነሳ ሰው ማታ ጨነቅ ይተኛል። በእግሩ ቢሆን ቀናት ይፈጅበት ነበር፣ ሰውነቱም እግረ መንገዱን ይለምድ ነበር። ጨነቅ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ኦክስጅኑ በመቶኛ ያው 21 ነው፤ የቀነሰው ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ነው። የአእምሮ የደም ስሮች ይህን ለማካካስ ይሰፋሉ፣ የራስ ቅል ግን አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ይፈልጣል እንግዲህ።

ብዙዎችን የሚያታልለው ሰዓቱ ነው። እንደደረሱ አይጀምርም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ነው ራት ላይ ሲያስቀን ያመሸው ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሲያቃስት የሚገኘው። ያኔ ሹፌሩ ይነሳና «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽቱለት» ይላል። ዳማከሴ ጥሩ ነው፣ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ፣ ኦክስጅን ግን አይሆንም። ከፍታ ላይ በወጣችሁ በመጀመሪያው ሌሊት የመጣን ራስ ምታት ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ነው ብላችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የምሰለቸው ነገር «እኔ እኮ ደገኛ ነኝ» የሚለው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) እና የደማቸው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ድንቅ ነው። ግን እነሱ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው የሚኖሩ ናቸው። አንተ ቀበሌ 14 ተወልደህ ባጃጅ ስትጋፋ ያደግክ ልጅ ነህ። 1,800 ሜትር ላይ መኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣው እንግዳ ትንሽ ይሻልህ እንደሆነ ነው እንጂ ጨነቅ ላይ ፓስፖርት አይሆንህም። ስፖርተኛ መሆንም አያድንም፤ እንዲያውም ስፖርተኞቹ ናቸው ሮጠው ወጥተው የሚወድቁት።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ግን ማንም አይወደውም። ባላችሁበት ቁሙ፣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፤ ራሴን ተወኝ ብሎ በማግስቱ ቧሂት ተራራ 4,400 ሜትር ላይ መውጣት ግን አይቻልም፣ ኪኒኑ ሕመሙን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። ማረፍ፣ ቀለል ያለ ነገር መብላት፣ አረቄውን መተው። የእንቅልፍ ኪኒን በፍጹም አይነካ፣ ትንፋሽን ያዳክማል። በአንድ ቀን ካልተሻለ ወይም ከባሰ መውረድ ነው፤ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ዝቅ ማለት አብዛኛውን ሰው ያነሳዋል።

ከመነሻው እንዳይመጣ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ አንድ ሌሊት ሳንቃበር ካምፕ 3,250 ላይ እደሩ፣ ከዚያ ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በኋላ መኝታችሁ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ቁም ነገሩ የምትተኙበት ከፍታ ነው፣ ቀን የረገጣችሁት አይደለም። በቅዳሜ ወጥቶ በእሁድ መመለስ የሚባል ጉዞ የሚሸጡት ሰዎች ይህን አጥተውት አይደለም፤ ርካሽ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጉዞ የገዙ የቢሮ ባልደረቦች ጨነቅ አገኘሁ፤ ግማሾቹ ተኝተዋል፣ ግማሾቹ ያስመልሳሉ፣ አስጎብኚያቸው ደግሞ «ጭላዳዎቹን ሳታዩ እንዴት ትመለሳላችሁ» እያለ ይቆጣል። ጭላዳ ሳንቃበርም ሞልቷል ወንድሜ።

ስለ ኦክስጅን መለኪያዋ አንድ ነገር ልበል፣ ጣት ላይ የምትሰካዋን ማለቴ ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ርካሹ እስክሪብቶ ብትሰኩበትም 97 ይላል፤ ሞክረን አይተናል። ደህናውም ቢሆን ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ቀለም ካለ ይሳሳታል። ጨነቅ ላይ 90 ገደማ ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ 97 አለ ብላችሁም የታመመውን ሰው «ደህና ነህ» አትበሉት። ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እዩ።

ምልክት፦ ይንገዳገዳል፣ ወሬው አይያያዝም፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል

ይሄ ቀልድ የለውም። አእምሮ ማበጥ ጀምሯል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይኛው ራስ ምታት ጋር ተራራውን በቀጠለ ሰው ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ለቧሂት ስንዘጋጅ አንድ ወጣት ጫማውን ሊያስር ተቀምጦ ቀረ። ዞር ብዬ ሳየው የግራውን ጫማ በቀኝ እግሩ አድርጎ ማሰሪያውን አንዴ ያጠላልፋል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያጠላልፋል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ገመዱ አጠረብኝ» አለኝ። ጓደኞቹ የማታው ጠጅ ነው ብለው ሳቁ። አብሮን የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውታችንን፣ «ጋሼ፣ እስቲ መስመር አስምርልኝ» አልኩት፣ በዱላው መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ አሰመረልኝ። ልጁን ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ ጠየቅነው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ስካውቱ ላይ ወደቀ። ቁርሱም ቧሂትም ቀረ፤ መኪና አስነስተን ወደ ደባርቅ። ከሰዓት ላይ ጫማውን ራሱ አሰረ።

የመስመር ፈተናውን ሁላችሁም ልመዱት። ካልቻለ ውረዱ፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ የተከፈለበትም ቢሆን። ብቻውን አይላክ፣ በቅሎ ላይም ሆነ መኪና ላይ የሚደግፈው ይኑር። ኦክስጅን ካለ ስጡት። የአእምሮን እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን የሚያውቅ የጤና ባለሙያ አብሯችሁ ካለ ይስጠው፣ ግን መድኃኒቱ እስክትወርዱ ያቆያል እንጂ መውረድን አይተካም። ደግሞ ልብ በሉ፦ «አምቢኮ እኮ 3,200 ነው፣ ወደዚያ እንውረድ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አምቢኮ ከቧሂት ማዶ ያለች መንደር ናት፤ ከጨነቅ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ከ4,200 ሜትር በላይ መውጣት አለ። መውረድ ማለት ወደ ደባርቅ ነው።

ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ በሳሉም አረፋ ከመጣ ሳንባው ውሃ ይዟልና ያው ነው፣ ቶሎ ውረዱ። ግማሽ ጎኑ ከሰነፈ ወይም አንደበቱ ከተያዘ ከፍታ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል።

ምልክት፦ ሌሊት ትንፋሹ ቆም ይልና አየር አጥሮት ብድግ ይላል

ያስደነግጣል፣ በተለይ አጠገቡ የተኛውን። ከፍታ ላይ የአእምሮ ትንፋሽ መቆጣጠሪያ አንዴ ያፈጥናል አንዴ ይዘነጋል። ሌላ ምልክት ካልተጨመረበት ጉዳት የለውም።

ምልክት፦ ጣት ይነዝራል፣ አምቦ ውሃ አይጥምም

የዋጣችሁት አሴታዞላማይድ ነው፣ ዲያሞክስ የሚባለው። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይወሰዳል። ጣት መንዘሩና የጋዝ መጠጥ ጣዕም መበላሸቱ የታወቀ ነው፣ ሽንትም ያበዛል። የሰልፋ መድኃኒት ክፉኛ አስቆጥቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት።

ምልክት፦ አንድ ክፍል ያደሩት በሙሉ፣ የአካባቢው ሰው ጭምር፣ ራሳቸውን ያማቸዋል

ከሰል። ከፍታው የአካባቢውን ሰው አይነካውም፣ የከሰል ጭስ ግን ማንንም አይመርጥም። በር ክፈቱ፣ ሁሉንም አውጡ። ድንኳን ውስጥ ምድጃ የሚያስገባ ሰው ካያችሁ እናቱ ቢሆንም ተቆጡት።

አሁን ደግሞ ወደ ታች፣ ጣና

ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ናይትሮጅን ነርቭን አደንዝዞ ጠላቂን እንደ ሰካራም የሚያደርገው ባሕር ውስጥ 30 ሜትር አካባቢ ነው። ጣና ውስጥ ጥልቀቱ አሰከረኝ የሚል ካለ ጠጥቶ ነው የገባው።

እዚህ የሚገድለው ሌላ ነው። ልጆች ማን ብዙ ይቆያል ብለው ሲወራረዱ ከመጥለቃቸው በፊት በፍጥነት ይተነፍሳሉ። «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። በፍጥነት ሲተነፍሱ እሱን ጠርገው ያወጡታል፤ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ማስጠንቀቂያው ግን አይመጣም፣ ልጁ ሳይንፈራገጥ ይዘፈቃል። በ1,800 ሜትር ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ከመነሻውም ያነሰ ነው። መፍትሄ፦ ቀድሞ ማለክለክ የለም፣ ብቻ መጥለቅ የለም፣ ውርርድ የለም። ራሱን የሳተውን ቶሎ አውጥታችሁ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት።

ውሃ ውስጥ ድንገት ናላ ከዞረ ብዙ ጊዜ አንዱ ጆሮ ግፊቱን አስተካክሎ ሌላው ቀርቶ ነው። ጉንፋን ይዟችሁ አትግቡ።

በሲሊንደር ለሥራ የምትጠልቁ፦ ስትወጡ ትንፋሽ መያዝ የለም፤ ከ2 ሜትር እንኳ ቢሆን ሳንባ ይቀደድና የአየር አረፋ አእምሮ ውስጥ ይገባል። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረውን፣ ለባሕር የተሠራውን የመጥለቂያ ሠንጠረዥ እንዳለ አትጠቀሙ። እዚህ ላዩ ላይ ያለው ግፊት የባሕሩ 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ ጣና ውስጥ 12 ሜትር መጥለቅ ባሕር ውስጥ 15 ሜትር እንደመጥለቅ ይቆጠራል። ከወጣችሁ በኋላ እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግፊቱ ሲቀንስ ሰውነት ውስጥ የተፈጠረው የናይትሮጅን አረፋ ኅብለ ሰረሰር ገብቷል፤ አጋድሙት፣ ንጹሕ ኦክስጅን ስጡት፣ ሐኪም ጋ አድርሱት።

ጅቡቲ ጠልቃችሁ በአውሮፕላን ለምትመለሱ ደግሞ፦ ከፍታም ግፊቱን ቀንሶ ያንኑ አረፋ ያስነሳልና አንድ ጊዜ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አትሳፈሩ። በመኪና እመጣለሁ ብላችሁም አታመልጡም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሰሜን ተራሮች ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው።