በአዳማ ዙሪያ ጉድጓድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአዳማ ዙሪያ የገጠር ይዞታ ያለው ሰው በጉድጓዱ ሲማረር የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጠለቅ አድርገህ አስቆፍረው»። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ይህ ምክር ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ የባሰ ውሃ ሊያስቀዳ ይችላል። ቆፋሪ ከመጥራትዎ በፊት ጉድጓዱ የሚያሳየውን ምልክት ይዩ።

በመስከረም ሞልቶ በግንቦት ይደርቃል

እንዲህ ያለው ጉድጓድ አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ እንደወጣ የተቆፈረ ነው። ቆፋሪው ውሃ ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል፤ ያገኘው ግን ዝናቡ ከፍ ያደረገውን ውሃ ነው። በመስከረም ውሃ ጉድጓድን መመዘን በበዓል መሶብ የቤትን ኑሮ እንደመገመት ነው።

ገመድ ጫፍ ላይ ንጹሕ ድንጋይ ያስሩ። ሌሊቱን ሳይቀዳ ካደረ በኋላ ጠዋት ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ፊት፣ ከዚያም እስከ ወለሉ ይለኩ። በየወሩ ይመዝግቡት፤ ሊተማመኑበት የሚገባው የበጋው መጨረሻ ልኬት ነው። ማጥለቅ ግድ ከሆነም ጊዜው ያን ጊዜ ነው።

በወንጂ የሸንኮራ አገዳ መስኖ አካባቢ ደግሞ ተቃራኒው ሊያጋጥም ይችላል፤ ከመስኖው የሚሰርገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል። የመጸዳጃ ጉድጓድዎ ከታች ውሃ እየገባበት ከሆነ አያጥልቁት፤ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ መጸዳጃ ያስፈልግዎታል።

ዝናብ በጣለ ማግስት ይደፈርሳል

ጎርፍ ከላይ እየገባ ነው። የጉድጓዱን አፍ ከፍ አድርገው ይገንቡ፤ የላይኛዎቹን የኮንክሪት ቀለበቶች መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ይድፈኑ፤ ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ ወለልና የሚገጥም ክዳን ያብጁለት። ከዚያ በኋላ በበረኪና ያክሙት፦ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 1 ሊትር ለ1,000 ሊትር ውሃ። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ ክብ ጉድጓድ ውስጥ 3 ሜትር ውሃ ቢኖር ወደ 2,400 ሊትር ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይበቃዋል። ለ12 ሰዓታት ያህል ያቆዩትና ሽታው እስኪጠፋ ቀድተው ይድፉ።

ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ቤተሰቡ ግን ተቅማጥ አይለቀውም

መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ይመልከቱ። ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ወለሉም ከከርሰ ምድሩ ውሃ 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ስንጥቅ በበዛበት ድንጋይ ላይ 30 ሜትርም ዋስትና አይሆንም። በላቦራቶሪ ሲመረመር ኢ ኮላይ የተባለው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ፣ ከሰገራም ሆነ ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬት የተባለ ኬሚካል በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። ለተቅማጡ ማፍላት ይረዳል፤ ናይትሬቱን ግን አይቀንሰውም።

የልጆች ጥርስ ይበልዛል

«ጠለቅ አድርገህ አስቆፍረው» የሚለውን ምክር አደገኛ የሚያደርገው ይህ ነው። የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ፍሎራይድ የተባለውን፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይለቃል። ካልሲየም ቢበዛ ፍሎራይዱን ያዘቅጠው ነበር፤ የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋል። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበት «ለስላሳ» ውሃ በሌላ ቦታ ምርቃት ነው፤ እዚህ ግን ለማስመርመር አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ወደ ታች ሲወረድ ውሃው ሊሞቅና ከድንጋዩ ጋር የቆየበት ዘመን ሊረዝም ስለሚችል ፍሎራይዱም ሊጨምር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለፍሎራይድ ቢበዛ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ዓይንም ምላስም አይለየውም፤ ማፍላት ደግሞ ውሃውን አትንኖ ፍሎራይዱን ያስቀረዋል፣ እንዲያውም ያበዛዋል። ስለዚህ ከመቆፈርዎ በፊት የጎረቤቶችን ጉድጓድ ያስመርምሩ፤ ተቀራራቢ ጉድጓዶች እንኳን ውጤታቸው ሊለያይ ስለሚችል አንዱን ብቻ አይመኑ።

ልኬቱ ካለፈ የመጠጡንና የወጡን ውሃ ከልብስ ማጠቢያው ይለዩ። ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ፍሎራይድን ይይዛል፤ ሲጠግብ ግን ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ መልኩ አይለወጥም፣ ስለዚህ በየጊዜው ምርመራና መቀየር ይጠይቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላላቸው እኔ የምመርጠው የዝናብ ውሃ ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ያህል ይሰጣል። ጣሪያውን የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉ፣ የቀረውን በተከደነ ታንከር ያጠራቅሙና ከመጠጣቱ በፊት ያፍሉት። ውሃው ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያው ከ8 ዓመት በታች ላሉት ይሁን፤ የጥርሳቸው ገለፈት የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ነው።