የፊደል ግድፈት ይዘው ሰው ሲመዝኑ የሚሠሩ ስህተቶች

ጽሑፍ ማረምና የሥራ ማመልከቻ ማንበብ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ለፊደል ግድ የለውም የሚለኝ አይኖርም። ነገር ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አንዱ የለጠፈውን አይተው «ይህ ደግሞ ባለሙያ ነኝ ይላል!» የሚሉ ሰዎች ትዕግሥቴን ጨርሰውታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግራማርሊ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ያወጣውን ጥናት እንደ ሕግ መጥቀስ ነው። ኩባንያው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መረብ በሆነው በሊንክድኢን የ100 ባለሙያዎችን ገጽ መርምሮ፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ዳይሬክተር ለመሆን ያልበቁት ከበቁት 2.5 እጥፍ የሚሆን የሰዋስው ስህተት ተገኘባቸው አለ። ቁጥሩ አፍ ያስይዛል። ግን ግራማርሊ የሚሸጠው ምንድን ነው? የሰዋስው ማረሚያ! የተመረመሩት ደግሞ በአንድ የንግድ ዘርፍ የሚሠሩ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ዳይሬክተሩስ ገጹን ራሱ ስለ መጻፉ ማን ምስክር አለ? የሚያርምለት ጸሐፊ፣ የሚያሳምርለት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሊኖረው ይችላል። ሹመቱ የጠራ ጽሑፍ አምጥቶለት እንደሆነስ? ደግሞም የሥራ ገጽ ታስቦበት የሚጻፍ ነው። ከዚያ የተገኘን ቁጥር በስልክ ተጣድፎ በተጻፈ አስተያየት ላይ መጫን ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ሁለተኛው ስህተት ፈራጁ ራሱን መርሳቱ ነው። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጁሊ ቦላንድና ሮቢን ኩዊን 83 ሰዎችን ለቤት ተጋሪነት የተላኩ ኢሜይሎች አስነብበው ላኪዎቹን አስገመገሙ። ከሰው ጋር መስማማት የሚከብዳቸው ገምጋሚዎች በሰዋስው ግድፈት ይበልጥ ተቆጡ፤ ተጫዋችና ተግባቢ የሆኑት ግን በቀላሉ አለፉት። ግድፈቱ ያው ነበር።

በአማርኛ ነገሩ የባሰ ነው፤ እንደ አ እና ዐ ያሉ ሞክሼ ፊደላት አሉብን። ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ የቀረበን ማመልከቻ አንድ ባልደረባዬ «ዓመት በአልፋው አ ተጽፏል» ብሎ ወደ ጎን ሲገፋው አይቻለሁ። አመልካቹ ያያያዘው የሥራ ናሙና ከሌሎቹ ሁሉ የጠራ ነበር። ባልደረባዬ ግን በዚያው ሰሞን ባሰራጨው ማስታወሻ «ባለሥልጣናቶች» ብሎ ብዙውን ዳግመኛ አብዝቶታል። በግዕዝ ለየብቻ ይነበቡ የነበሩት እነዚህ ፊደላት በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። ሥርወ ቃሉን ጠብቆ የሚጽፍ ይመስገን፤ ያልጠበቀ ሒሳብ አይችልም ማለት ግን ከየት የመጣ ነው?

ሰውን በአደባባይ ማረም፦ ይተዉት፤ በውስጥ መልእክት ይንገሩት።

ይህን ስል «እንግዲያው እንዳሻኝ ልጻፍ» የሚሉኝ ጀማሪዎች አሉ። የዋሆች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ፤ ግን አይደለም። ሥራ ወይም ውል ሲጠይቁ አንባቢው ስለ እርስዎ በእጁ ያለው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ፍርዱ ትክክል ባይሆንም ይፈርዳል። እኔን በጣም የሚረብሸኝ በ«እርስዎ» ተጀምሮ ከመሐል «እንደምታውቀው» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ከሌላ ደብዳቤ ተገልብጦ እንደተለጠፈ ወዲያው ያስታውቃል። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደርድሮ አራት ነጥብ ማስመሰልም አለ። ሲተይቡት ልዩነቱ አይታይም፤ መስመሩ ሲሰበር ግን ግማሹ እላይ፣ ግማሹ እታች ሊቀር ይችላል። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሆነ በመተየቢያዎ ላይ ፈልገው ያግኙት።

የሰው ስም ላይ ግን፣ በሞክሼ ፊደል የለዘብኩት እኔ እንኳን አልለዝብም። የስሙ ባለቤት «ሐና» ብላ ከጻፈች «ሃና» ብለው አይላኩላት፤ ስሟ ከሥራ ማስታወቂያው ግርጌ ተጽፎ ነበርና።