ተልባ ከመዝራታችሁ በፊት አረሙን አብቅሉት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ተልባ ለምትዘሩ። የተልባ ቡቃያ ቀጭን ነው፤ ቅጠሉም ጠባብ ስለሆነ መሬቱን ቶሎ አያለብስም፤ ስናርና መጭ የሚባሉት አረሞች ከቀደሙት አይቋቋማቸውም። ስለዚህ ማሳውን አለስልሳችሁ ዝናብ ካገኘ በኋላ ከ10 እስከ 15 ቀን ተዉት። በየጊዜው አፈሩን በጣት ጫር አድርጋችሁ እዩ። ነጭ ክር የመሰለ ቡቃያ በብዛት ስታገኙ፣ ጥቂቱም አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ሲል፣ ፀሐይ የወጣበትን ቀን መርጣችሁ ማረሻውን ሳታጠልቁ እረሱና ወዲያው ዝሩ። ያ ነጭ ክር ተነቅሎ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ማረሻው ከጠለቀ ግን ከሥር የተኛውን የአረም ዘር እንደገና ታወጡታላችሁ፤ ልፋታችሁ ከንቱ ይቀራል።

ብትችሉ ገመድ ወጥራችሁ በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር ዝሩት። በብተና በተዘራ ተልባ ውስጥ ገብቶ ማረም ቡቃያውን መርገጥ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ለስንዴና ለጤፍ የምትረጩትን ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም ማጥፊያ ወደ ተልባም ወደ ኑግም አታስጠጉት። የሳር ወገን ያልሆነውን ሁሉ ስለሚመታ ኑጉን ከአረሙ አይለይም። መርጫው ውስጥ የቀረው እንኳ ይጎዳል፤ በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ከተቻለ ለብቻው መርጫ ያዙ።

ክረምቱ ዘግይቶ ከገባ ግን አረሙን አብቅሎ መጠበቁን ተዉት። ሁለት ሳምንት ካባከናችሁ ተልባው ፍሬ ሳይሞላ ውርጭ ይደርስበታል።